በድንጋይ የተከለለው ሳሎን

ዛሬ ጠዋት ከኮዬ ፈጬ ወደ ሥራ ስሄድ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ በአውቶቡሱ መስኮት ገባ። ያደግኩባት ሰበታ ትዝ አለችኝ።

አባቴ የፋብሪካ ጸሐፊ ነበር። ከደመወዙ በተረፈችው ገንዘብ አንዲት ክፍል ሠርቶ፣ ወደፊት የሚሠራውን የሳሎን ቦታ ሣሩ ላይ በድንጋይ ከለለው፤ ለበሩም ክፍተት ተወለት። እሁድ እሁድ እዚያ ምንጣፍ አንጥፈን ምሳ እንበላለን። ድንጋዩን ተሻግሬ ስገባ እናቴ፣ "ግድግዳው አይታይህም?" ብላ በበሩ በኩል ታስዞረኛለች።

አንድ እሁድ ሽማግሌው ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ መጡ። በየትም በኩል መግባት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን ዞረው በሩ ጋ ቆሙ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁና አዲስ ቤት ለሠራ ሰው እንደሚባለው፣ "ቤት ለእንቦሳ" አሉ።

አባቴ ብድግ አለ። "እንቦሳ እሰሩ። ይግቡ፣ ኦቦ ገመቹ።"

የሌለው ጉበን እንዳይመታቸው ጎንበስ ብለው ገቡ። ዙሪያውን አዩና፣ "ሰፊ ነው። ብርሃንም አለው" አሉ።

ሳሎኑ ሳይሠራ ቀረ። አሁን እኔ በደመወዜ የተከራየሁት ኮንዶሚኒየም ግድግዳም ጣሪያም አለው። እስካሁን በሩ ላይ ቆሞ "ቤት ለእንቦሳ" ያለኝ ሰው ግን የለም።