ጸበል ላይ የቀረችው ረዳት

አገር ለቅቄ በወጣሁበት ቀን፣ አውሮፕላኔ ሊነሳ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት፣ እኔ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከዘንዶ ጋር እየተዋጋሁ ነበር። ሻንጣዎቼ ታች የአባዬ ታክሲ ውስጥ ተጭነዋል። አባዬ በየአምስት ደቂቃው ክላክስ ያደርጋል፤ እኔ በመስኮት ብቅ እያልኩ «መጣሁ አባዬ፣ ዘንዶው ሊሞት ነው!» እላለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ያየኛል። ዘንዶው አልሞተም፤ እኔም ወደ ፖላንድ ሄድኩ።

ጨዋታውን ለማታውቁት ላስረዳ። ጠረጴዛ ከብቦ በአፍ የሚጫወቱት ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ የእኛ መሪ ሄኖክ ነው፣ የሒሳብ አስተማሪ፣ ቤቱም የሱ ነው። ሌሎቻችን እያንዳንዳችን አንድ ሰው ፈጥረን ያንን ሰው እንሆናለን። ያሰብነው ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ነው። ሰው ስትፈጥሩ ግን ከሁሉ በፊት «ከዚህ ቀደም ምን ነበርክ?» ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ባክግራውንድ ይሉታል። ወታደር፣ ጸሐፊ፣ ገበሬ፤ እንደ መልሳችሁ መጽሐፉ አንድ የመነሻ ተሰጥኦ ይሰጣችኋል። ገና አንድ እርምጃ ሳትራመዱ ይዛችሁት የምትነሱት ነገር ማለት ነው።

እኔ መልስ ሳጣ ዳይስ ጣልኩ፤ ያወጣልኝ መርከበኛ ነበር። የመርከበኛ ተሰጥኦ ደግሞ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ የመጠጥ ቤት ጠብ ነው። እኔ ሰሚራ፣ የሲግናል ሰፈሩ የከድር ልጅ፣ መርከብ በዓይኔ አይቼ የማላውቅ፣ ከለስላሳ በላይ ቀምሼ የማላውቅ፣ የመጠጥ ቤት ጠበኛ! አሻፈረኝ አልኩ።

«እሺ፣ አንቺ ራስሽ ምን ነበርሽ?» አለኝ ሄኖክ።

አባዬ ከመገናኛ የካ አባዶ ታክሲ ይነዳል። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ ረዳቱ በቀረ ቁጥር፣ በሩ ላይ ቆሜ የምጣራው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ወርቂት የምትባል ረዳት ፈጠርኩ፤ ተሰጥኦዋንም በገዛ እጄ ጻፍኩላት፦ «ጠጋ በሉ። ወርቂት ባለችበት ለአንድ ተጨማሪ ሰው ቦታ አይጠፋም።» ሄኖክ አነበበው፣ እስኪያስለው ሳቀ፣ ፈረመበት።

አንድ ሌላ ሕግም ነበረን። ተጫዋች ሲቀር የፈጠረው ሰው አይሞትም፤ «እንጦጦ ማርያም ጸበል ሄዷል» ይባላል። ልማዱ የተጀመረው ጓደኛችን ብሩክ እውነትም አክስቱን ጸበል ይዞ በወጣበት እሁድ ነው። ጸበል ላይ ያለ ሰው ወንበሩ አይነካም። ሄኖክ ያለው ስድስት ወንበር ነው፤ የእኔ በበረንዳው በኩል ያለችው፣ አንድ እግሯ የሚነቃነቀው ናት። በዚያ ቀን ከእሷ ስነሳ ሄኖክ ደብተሩ ላይ «ወርቂት፣ ጸበል» ብሎ ጻፈ።

«ሙስሊሟን ረዳት ማርያም ላካችኋት?» አልኩ፤ እየሳቅኩ እያለቀስኩ።

ቦሌ መንገድ ላይ ነገሩን ለአባዬ ስነግረው ትንሽ አሰበና «ቢያንስ አየሩ ጥሩ ነው» አለኝ።

ልማር የሄድኩበት ከተማ ውች ይባላል። ትርጉሙ ጀልባ ነው አሉኝ፤ ባሕር ግን የለውም። ብርዱን ምን ልበላችሁ? የእንጦጦን የነሐሴ ጭጋግ ውሰዱና መስከረምን ሰርዙበት። ፒየሮጊ የሚሉት ምግባቸው ሳምቡሳ ነው፣ መጥበሱን የረሱት። ዙሬክ የሚሉት ሾርባ ደግሞ ልክ እንደ እርሾ ይኮመጥጣል፤ ያለ ቋሊማው ስጡኝ ብዬ አንድ ማንኪያ ስቀምስ የእናቴ ቡሃቃ ትዝ ብሎኝ ሰው ፊት ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ሰው ፊት መሳቅ እዚያ እንግዳ ነገር ነው። አስተናጋጇ «ደህና ነሽ?» ብላ ውሃ አመጣችልኝ።

የመኖሪያ ፈቃድ ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት ደግሞ ይኸው ሆነ።

«የቤተሰብ ስም?» አለችኝ መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ።

«ከድር።»

«የአባት ስም?»

«ከድር።»

«እሱን ነግረሽኛል። አሁን የአባትሽን።»

«እሱ ራሱ ነው፤ አልተቀየረም።»

«የአባትሽ የቤተሰብ ስምስ?»

«ሁሴን።»

«ታዲያ አንቺ ለምን ሁሴን አልሆንሽም?»

«ሁሴን አያቴ ስለሆነ ነዋ።»

መነጽሯን አወለቀች። «ስለዚህ የአንድ ቤተሰብ ሰዎች አይደላችሁም?» አለች። ከዚያ ቅጹን ገልብጣ «ከዚህ ቀደም ምን ሠርተሻል?» ብላ ጠየቀችኝ። ያው የሄኖክ ጥያቄ! ደስ ብሎኝ «ረዳት ነበርኩ» አልኩ።

«የማን ረዳት?»

«የአባቴ።»

«የየትኛው አባትሽ?»

ፈቃዱ ከብዙ ምልልስ በኋላ ወጣ። እኔ ግን ከትምህርቴ ጎን የጨዋታ ጠረጴዛ ፍለጋ ላይ ነበርኩ፤ ሰው ናፍቆኛላ። መጫወቻ የሚሸጥ አንድ ሱቅ ውስጥ በየእሁዱ የሚሰበሰቡ አምስት ወጣቶች አገኘሁ። መሪያቸው ማሬክ ጢሙን በጣቱ እየጠቀለለ መጽሐፉን እንደ ሕገ መንግሥት የሚያነብ ሰው ነው። የወርቂትን ወረቀት አሳየሁት።

«ረዳት የሚል መጽሐፉ ላይ የለም» አለኝ።

«አውቃለሁ፣ እኛ ነን የጨመርነው።»

«እኛ ማን?»

«የካ አባዶ።»

መጽሐፉን ከጫፍ ጫፍ አገላብጦ፣ በጣም በትሕትና፣ «መርከበኛ ግን አለ» አለኝ። ዓመት ሙሉ መርከበኛ ሆኜ፣ ሳልጠጣ ስደባደብ ከረምኩ። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ግን ሁሉም የየራሱን ቺፕስ ከፍቶ ለብቻው ይበላል፤ እንካ ስትሉት ይደነግጣል፣ ዝም ካላችሁት ዝም ነው። ስለዚህ ለሄኖክ በደወልኩ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ያው ነበር። «ወርቂት እንዴት ናት?» «ጸበል ላይ ናት።» «ወንበሬስ?» «አለች።» ስልኩን ዘግቼ በደንብ እተኛለሁ። የሰው አገር ላይ ዓመት ሙሉ ስንገዳገድ አንድ የቆመ ነገር ቢኖረኝ ያቺ እግሯ የሚነቃነቅ ወንበር ነበረች፤ ሊወስዷት ነው ብዬ ሁልጊዜ እፈራ ነበር።

ከዚያ ባለፈው ጥር አንድ እሁድ የሱቁ የውሃ ቧንቧ ፈነዳ። አምስቱም መንገድ ላይ ቆመው ሲንቀጠቀጡ «እኔ ቤት እንሂድ» አልኩ። ቤቴ ማለት የፓኒ ክርስቲና አንድ ክፍል ናት፤ ፓኒ እነሱ ጋ ወይዘሮ እንደማለት ነው። አልጋ፣ ትንሽ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ አለቀ። ማሬክ በሩ ላይ ቆሞ «አንገባም» አለ።

የዘጠኝ ክረምት ሙያዬ በአንዴ መጣብኝ። «ጠጋ በሉ!» አልኩ በአማርኛ። ሁለቱን አልጋው ራስጌ፣ አንዱን ግርጌ፣ የአንዱን ጉልበት ወደፊት፣ የአንዱን ወደኋላ። ረጅሙን መስኮት ሥር አጠፍኩት። ማሬክን ሻንጣዬ ላይ አስቀመጥኩት፤ ትርፍ ስንጭን ሞተሩ ላይ እንደምናስቀምጠው። ቺፕሳቸውን ሰብስቤ አንድ ሳፋ ላይ ገለበጥኩት፤ ክርን ከክርን ተጣብቆ ለብቻ መብላት አይቻልማ። መጀመሪያ ተሳቀቁ፣ ቀጥሎ ተሳሳቁ። አንደኛው ለጎረቤቱ ሲያጎርስ በዓይኔ አየሁ።

በሩ ተከፈተ። ፓኒ ክርስቲና።

«ክፍሉን ለስንት ሰው ነው ያከራየሁት?»

«ለአንድ ሰው ነው፣ ፓኒ ክርስቲና።»

«አሁን ስንት ይታይሻል?»

«ስድስት። ግን ሁሉም ወራጅ ናቸው» አልኳቸው፤ በፖሊሽኛ እንዴት እንዳልኩት ራሴም አላውቅ።

አንድ በአንድ አዩን። ሳፋውን አዩ፣ ዳይሱን አዩ። ባላቸው ከሞተ ወዲህ በዚያ ቤት ሳቅ ተሰምቶ እንደማያውቅ በኋላ ነው የነገሩኝ። «ለእኔስ ቦታ አለ?» አሉ።

ጠጋ በሉ! ገቡላችሁ። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው አልጋው መሃል ተሰየሙ፣ ዳይሱን ወረወሩ፣ ሃያ አወጡ፣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ማሬክ ያንን ሁሉ አይቶ እስክሪብቶ አወጣና «መርከበኛ» የሚለውን ሰርዞ «ረዳት» ብሎ ጻፈልኝ። «መጽሐፉ ላይ የለም» አለ፤ «ግን በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሄደው ሳያበቁ ለሄኖክ ደወልኩ። እየጮህኩ ሁሉንም ነገርኩት፣ ቧንቧውን፣ ሳፋውን፣ የአሮጊቷን ሃያ። ሳቀልኝ።

«ሰሚራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የብሩክ እህት ማህሌት ከእኛ ጋር መጫወት ጀምራለች። ሦስት ወር ሆናት፣ ጀሪካን ላይ ነው የምትቀመጠው። ወንበርሽን አልነካንም። እምቢ ካልሽም አንነካም።»

እምቢ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ምላሴ ላይ ነበረች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት፣ ማሬክ የጻፈበት ቀለም ገና አልደረቀም። ወርቂት ባለችበት ለአንድ ተጨማሪ ሰው ቦታ አይጠፋም። ሕጉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

«ስጧት» አልኩ። ግን አላስቻለኝም። «እኔስ? ስመጣ የት ልቀመጥ?»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማኝ።

«ሰሚራዬ።»

«አባዬ! እዚያ ምን ታደርጋለህ?»

«የታክሲ ተራዬ እስኪደርስ ነው የወጣሁት። ያ ዘንዶ ሞተ ወይ ብዬ።»

«ሞተ?»

«ኧረ የት አባቱ፣ እነዚህ ምን ይገድላሉ!» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ረዳት አይደለሽም እንዴ? ረዳት መቼ ተቀምጦ ያውቃል? በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚሄደው።»

ሳቅኩ፤ ሳቄ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ፣ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነልኝ። በወዲያኛው ጫፍ ወንበሯ ስትጎተት ሰማሁ። ያ የሚነቃነቅ እግሯ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታና ማህሌት ተቀመጠች።

«አባዬ፣ በሩን ግን እንዳትዘጉት» አልኩ።

«እንዴት አድርገን?» አለኝ። «የሚዘጋው ረዳቱ ነው።»