ያልተጋጠሙት ክሮች

ጉሉማ ዋጋሪ በ1962 ዓ.ም. ነቀምቴ የባዮሎጂ መምህር ነበር። አዲስ አበባ ተምሮ ሲመለስ አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ይዞ መጣ፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ባኬ ጃማ ሜዳ ላይ ፌንጣ ሲያሳድድ ሰው ይስቅበት ነበር።

የሚፈልገው የወንዱን ፌንጣ የዘር ፍሬ ነው። በቀይ ቀለም ነክሮ፣ በመስታወት ጨፍልቆ ሲያየው፣ ለመከፈል በተዘጋጀው ሴል ውስጥ ከእናትና ከአባት የመጡት ክሮሞዞሞች እንደ ክር ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታዩታል። ክሮቹ ይበጠሳሉ፣ ቁራጭ ይለዋወጣሉ፣ መልሰው ይጋጠማሉ። ጉሉማን የገረመው መበጠሳቸው ሳይሆን ሴሉ ራሱን መጠገኑ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ በደብተሩ ሲስል ኖረ።

በ1962 ጥቅምት ከተባይ መድኃኒት መጋዘን ጀርባ በሰበሰባቸው ፌንጣዎች ላይ ያየው ግን ሌላ ነበር። ክሮቹ ተበጥሰው ቀርተዋል፤ ቁርጥራጩ ሴሉ ውስጥ ተበትኗል። የቀለሙ ስሕተት መስሎት ደገመው፤ ያው ሆነ። ከወንዝ ማዶ ያመጣቸው ፌንጣዎች ግን ደህና ነበሩ።

የመጋዘኑ ዘበኛ ታፋ ከባለቤቱ ከቀለሟ ጋር እዚያው ግቢ ይኖራል። የመድኃኒቱ ዱቄት ከተቀደደ ጆንያ እየተነሣ ደጃቸው ላይ ያርፋል፤ ውሃ የሚያጠራቅሙትም በመድኃኒቱ ባዶ በርሜል ነው። ቀለሟ ሁለት ጊዜ ፅንስ ወርዶባታል፤ አሁን አምስተኛ ወሯን ይዛለች።

ጉሉማ መጀመሪያ ለመጋዘኑ ሹም ነገረ። ሹሙ፣ መድኃኒቱ የመጣው ፌንጣ ሊያጠፋ አይደለም ወይ ብሎ ሸኘው። ታፋ ደግሞ ያየውን ነግሮት ከግቢው ውጡ ሲለው ሥራውንና ቤቱን ትቶ የት እንደሚገባ ጠየቀው። ጉሉማ ሲወጣ ንግግራቸውን የሰማችው ቀለሟ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ኦቦ ጉሉማ፣ እኔም ሆድ ውስጥ እንደዚያ ነው?»

«አላውቅም። እኔ ያየሁት ፌንጣ ነው። እህቴ ብትሆኚ ግን እዚህ አላሳድርሽም ነበር።»

በማግሥቱ ቀለሟ አኖ ከተማ ወዳሉት እናቷ ሄደች። ታፋ ቀረ።

የካቲት መጨረሻ ላይ ሴት ልጅ ወለደች፤ ጤነኛ፣ ድምፀ ብርቱ። ጉሉማ ሊጠይቃት አኖ ወረደ። ታፋ በዚያ ቀን አዲስ ጭነት ሲያራግፍ ስለዋለ አልመጣም። የቀለሟ እናት ጉሉማን መርቀው ሕፃኗን አሳቀፉት።

እሱ ግን ወር ይቆጥር ነበር። የሴት ልጅ እንቁላሎች መሠራት የሚጀምሩት ገና እናቷ ማሕፀን ውስጥ ሳለች ነው፤ ክሮቻቸውም መበጠስና መጋጠም የሚጀምሩት ከእርግዝናው ሦስተኛ ወር ገደማ ነው። ቀለሟ ከዚያ ግቢ የወጣችው በአምስተኛ ወሯ ነው። ይህች ሕፃን አድጋ እስክትወልድ ድረስ የትኛው እንደተጋጠመ፣ የትኛው እንደቀረ የሚያውቅ የለም።

«እንዴት አገኟት?» አለችው ቀለሟ።

ታምራለች ብሎ ልጂቱን መለሰላት። ያሰበውን ለማንም አልተናገረም፤ በደብተሩም አልጻፈውም።