ጭልፊት የዋሸበት ቀን

በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ሃያ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ሾፌሮቹ «ጭልፊት» ይሉታል። «ከየት ነው የተሳፈሩት?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ትቶ ፊት ያያል። የሚዋሽ ሰው ዓይኑን ወደ መስኮት ይሰዳል፤ ይህን ለአዳዲስ ተቆጣጣሪዎች ሁሉ ሲያስተምር ኖሯል። እሱ ራሱ አንድም ቀን ዋሽቶ አያውቅም፤ ቢያንስ ለሚስቱ አፉን ሞልቶ የሚነግራት እንደዚያ ነው።

ሚስቱ፣ እህቷ ወልዳ ልትረዳት ለአሥር ቀን ስትሄድ ድመቷን አደራ አለችው። ድመቷን «እሜቴ» ነው የሚላት፤ አረማመዷ የባለርስት ነውና። ገና ሳምንት ሳይሞላ እሜቴ ደረቅ ምግቧን በአንድ በኩል ነከስ አድርጋ መትፋት ጀመረች። ሳህኑ ጋ ትሄዳለች፣ ታሸታለች፣ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ትመለሳለች።

«አሃ፣ እመቤትሽ አቅብጣሻለች!» አለና ልክ ሊያስገባት ቆረጠ። ሚስቱ የተወችላትን የተፈጨ ሥጋ፣ ድመት ማቀዝቀዣ የምትከፍት ይመስል፣ ከታችኛው መደርደሪያ ወደ ላይኛው አወጣው። «ሲርብሽ ትበያለሽ» ብሎ ያንኑ ደረቅ ምግብ አስቀመጠላት። እሜቴ አምስት ቀን ሙሉ ውሃ ብቻ እየላሰች አልጋ ሥር ተኛች። እንዲህ የጨከነው ሰውዬ፣ የራሱን ጥርስ ያመመው ጊዜ ጎረቤቱን ሁሉ ሥራ ያስፈታ ነው።

ሚስቱ ተመልሳ ድመቷን ብታነሳት ላባ ሆናለች። ሻንጣዋን እንኳ ሳትከፍት ባሏን አስከትላ ወደ እንስሳት ክሊኒክ ሮጠች።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የእሜቴን ከንፈር በአውራ ጣቷ ገለጥ አደረገች። ድዱ ደም መስሏል፤ ከኋላ አንዱ ጥርስ ሥሩ መግል ቋጥሯል። ሽታው ባልየው ቆሞ የነበረበት በር ድረስ መጣ።

«ድመት ጥርሷን ሲያማት አትጮህም፤ ዝም ብላ ምግቧን ትተዋለች» አለች ሐኪሟ። «ሰመመን ሰጥተን ዛሬውኑ እንነቅለዋለን። ግን አባባ፣ መብላት ካቆመች ስንት ቀኗ ነው?»

«ከትናንት ወዲህ ነው» አለ።

ይህን ሲል የሚያየው መስኮቱን ነበር። ከመስኮቱ ማዶ ደግሞ ግድግዳ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። የሰው ዓይን ሲያሳድድ የኖረው ጭልፊት የራሱን ዓይን እዚያ ያዘው።

ሐኪሟ መልሱን ጻፈችና መርፌዋን ማዘጋጀት ጀመረች። «ጥሩ ነው። ብዙ ቀን ሳትበላ ቆይታ ቢሆን ጉበቷ ስለሚጎዳ ሰመመኑ ሊገድላት ይችል ነበር።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ሚስቱ የድመቷን ጆሮ እያሻሸች «አይዞሽ እናቴ፣ ደግነቱ ቶሎ ደረስንልሽ» ትላለች። ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ እሜቴ እንደሆነች አትናገር።

«ዶክተር» አለ። «አምስት ቀን ነው። የቀበጠች መስሎኝ እኔ ነኝ ያስራብኳት። ሥጋዋን ደበቅኩባት።»

የሚስቱ እጅ ድመቷ ጆሮ ላይ ቀረ። ሐኪሟ መርፌውን አስቀመጠች። አልተቆጣችም፤ የባሰበትም ያ ነው። «እንኳን ነገሩኝ» ብላ ደም ቀዳች፣ ግሉኮስ ሰቀለች፣ ቀስ እያለች በቱቦ እንድትመገብ አደረገች። ጥርሱ የተነቀለው ከአራት ቀን በኋላ ነው። እውነቱን የተናገረ ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ ሚስቱ አውቶቡሱ ውስጥ ከጎኑ አልተቀመጠችም።

አሁን በየጠዋቱ ሥራ ከመሄዱ በፊት የእሜቴን ጥርስ የሚቦርሸው እሱ ነው፤ በትንሽ ብሩሽ፣ ሐኪሟ በሰጠችው የድመት ጥርስ ሳሙና። ከንፈሯን ገለጥ ባደረገ ቁጥር የተነቀለውን ጥርስ ባዶ ቦታ ያያል። ያፍራል፤ ብትቧጭረው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ሲጨርስላት ያንኑ ታሞ የነበረውን ጉንጯን መዳፉ ላይ ታሻሽና ቀና ብላ ታየዋለች። እሱ ወደ መስኮቱ ያያል።