አባቴ ኳስ ሊያሳየኝ የወሰደኝ ስታዲየም

ዝናብ ያራሰው ሳንቃ በሸተተኝ ቁጥር፣ የትም ብሆን፣ ቦው ከሚባለው ወንዝ ብዙም ሳይርቅ የነበረው አሮጌ ስታዲየም ፊቴ ድቅን ይላል። መቀመጫዎቹ ቀለማቸው የተላጠ ረጃጅም ሳንቃዎች ነበሩ፤ ከእኛ አፓርታማ በእግር ጥቂት የሚያስኬድ ቢሆንም፣ ነፋሱ ወደ እኛ በነፈሰ ቀን የሰዉ ጩኸት በመስኮታችን ይገባ ነበር።

አባቴና እኔ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ የገባነው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። እናቴ ወረቀቷ ስላላለቀ ተሰደን በቆየንበት ካርቱም ቀርታለች። አባቴ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ሺፍት እየገባ፣ ደክሞት እየተመለሰ፣ ከእኔ ጋር እራት ይበላ ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ፊቱ በርቶ መጣና «ተነሽ ልበሺ፣ ኳስ አለ!» አለኝ። ድሬዳዋ ሳለ ለሰፈሩ ቡድን በረኛ ነበርና፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ እጄን ይዞ በፍጥነት ወሰደኝ።

ቡድኖቹ ሲወጡ ሁሉም የራስ ቁር የደፉ፣ ትከሻቸው እንደ ቁምሳጥን የሰፋ ሰዎች ሆኑ። ኳሱም ክብ አልነበረም፤ አንዱ በብብቱ ይዞት ሲሮጥ ሌሎቹ እላዩ ላይ ተከመሩበት።

«አባባ፣ ኳስ ማለት ይሄ ነው?»

«ቆይ እስቲ፤ ዋናው ገና ይሆናል» አለኝ።

ዋናውን እየጠበቅን እስከ መጨረሻው ተቀመጥን። ወደ ቤት ስንመለስ «እነሱም ይሄንን ፉትቦል ነው የሚሉት፤ ምን ይደረጋል» አለ። ያም ሆኖ ሌላ የምንሄድበት ቤት፣ የምንጠይቀው ዘመድ ስላልነበረን፣ ሰው መሀል ለመቀመጥ ብለን እዚያው እንመላለስ ጀመር።

በረዶው ሲወርድ ስታዲየሙ ተቆለፈ። ቁልፍ በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከትምህርት ቤት ብቻዬን ስመለስ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ማንም ያልረገጠውን ነጭ ሜዳ ቆሜ አይ ነበር። በዚያ ሰሞን የእናቴ መልክ እየጠፋብኝ ነበር። ዓይኗን ሳስታውስ አፏ ይጠፋኛል፤ ለአባቴ ግን አልነገርኩትም።

ሌላም ዊንተር እንዲሁ አለፈ። በረዶው ሲቀልጥ ያው ሜዳ መስመሩ ተቀይሮ፣ ቀይ አፈር ለብሶ የቤዝቦል ሆነ፤ አጠገባችን የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጨዋታውን በእንግሊዝኛ ለእኔ፣ እኔ ደግሞ እንግሊዝኛውን እየቀላቀልኩ እንደምንም ለአባቴ እናስረዳ ጀመር። እናቴ የመጣችው ያኔ ነው። ኤርፖርት እያለቀሰች ስታቅፈኝ ያወጣሁት ቃል «ሃይ» የሚል ነበር። በአማርኛ ስታናግረኝ በእንግሊዝኛ እመልስ ነበር፤ አንድ ቀን ኩሽና ውስጥ አባቴን «ይቺ ልጅ ምነው እንደ እንግዳ ታየኛለች?» ስትለው ሰማሁ። ወደ ስታዲየም ነይ ስንላት ግን «እናንተ ሂዱ፤ የማላውቀው ነገር ላይ ተጎልቼ ምን አደርጋለሁ?» ብላ ትቀር ነበር።

የሙቀቱ ወራት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ አመሻሽ ላይ ዶፍ ወረደና ጨዋታው ቆመ። አብዛኛው ሰው ሄደ፤ እኛ ከጣሪያው ሥር ተጠግተን ቀረን። ትልልቆቹ መብራቶች ከበሩ ጥቂት ቆይቶ፣ የአባቴን የሥራ ጃኬት የደረበች፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ የሆነች ሴት ደረጃውን ስትወጣ አየሁ። እናቴ ነበረች።

አባቴ ብድግ ብሎ «ምነው? ምን ሆነሽ?» አላት።

«ምንም አልሆንኩም» ብላ መሀላችን ተቀመጠች። እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። እኛን ፍለጋ በዚያ ዝናብ መውጣቷን ሳስብ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ዝናቡ አባርቶ ጨዋታው ሲቀጥል ወደ እኔ ዞራ «በይ አስረጂኝ» አለችኝ።

ለዚያ ነገር አማርኛ ከየት ላምጣ? ፒቸሩን «ወርዋሪ»፣ ካቸሩን «ቀላቢ»፣ ቤዙን «መርገጫ» አልኳቸው።

«ያኛው ምን አስሮጠው?»

«ኳሷ ሳትቀድመው መርገጫው ላይ መድረስ አለበት።»

«ከቀደመችውስ?»

«ሄዶ ይቀመጣል።»

«ምስኪን!» ብላ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔም ጨዋታው እስኪያልቅ አፌን አልገጠምኩም።

ከዓመታት በኋላ ተጫዋቾቹ ወደ ሌላ ሜዳ ሄዱ፤ ሳንቃዎቹ በሰበሱ፤ በመጨረሻም ስታዲየሙ ፈረሰ። አባቴ ያኔ በሕይወት አልነበረም። ሥራ ውዬ ስመለስ ማሽኑ ሳንቃውን እየሰበሰበ ሲከምር አይቼ መኪናዬን ዳር ፓርክ አደረግኩና፣ የምነግረው ሰው አጥቼ ብቻዬን ቆምኩ።

በቅርቡ ሳቫና በሚባለው የካልጋሪ ሰፈር፣ እዚህ ከተወለደው ወንድሜ ጋር ወደምትኖረው እናቴ ሄጄ ስለዚያ ሜዳ አነሳሁባት። «ዝናብ እየመታሽ ልትፈልጊን የመጣሽበት» አልኳት።

«ልፈልጋችሁ?» አለች ግራ ገብቷት። «ጠፍቼ እኮ ነው። ቤቱ ቢጨንቀኝ ወጣሁ፣ መመለሻው ጠፋኝ። ሰው እንዳልጠይቅ ቋንቋ የለኝ። ያ መብራት ቦግ ሲል ሰው አይጠፋም ብዬ ወደሱ ሄድኩ እንጂ፣ የምትሄዱበት እሱ መሆኑን በምን አውቄ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«ደስ ብሎሽ ነበራ» አለችኝ።

ያኔ ሦስታችን አንዲት ክፍል ውስጥ ስንኖር የምነግራት ቃል አልነበረኝም፤ ዛሬ አማርኛው ሞልቶኛል። ማታ ማታ ከምኖርባት ከኤርድሪ ከተማ ደውዬ «እንዴት ነሽ እማዬ?» እላታለሁ። «ደህና ነኝ፤ አንቺስ?» ትለኛለች። እሷ ያኔ «ምንም አልሆንኩም» እንዳለችው፣ «እኔም ደህና ነኝ» እላትና ስልኩን እንዘጋለን።