አንድ አምፖል ብቻ የጠየቀው ሕዝብ

መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ቢሮ ውስጥ ካርታ ዘርግቼ ሳለሁ እንኳ ሦስት መስመር አስምሬ እነሣለሁ፣ መስኮቱ ጋ ደርሼ እመለሳለሁ። ጓደኞቼ «አንቺን የመብራት ገመድ ላይ ቢያስሩሽ ደባርቅን ታበሪ ነበር» እያሉ ያላግጡብኛል። ሥራዬ የመብራት መስመር ማቀድ ነው። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚገባው መስመር ከተማው ገና ትንሽ ሳለ የተዘረጋ ስለሆነ፣ አመሻሽ ላይ ሁሉም ምድጃውን ሲሰካ አምፖሉ ቀልቶ ቀልቶ ሊጠፋ ይደርሳል። ስለዚህ ደባርቅ ላይ ትልቅ ማከፋፈያ ጣቢያ እንዲተከል፣ ከዚያም አንድ ቅርንጫፍ ተራራውን ይዞ ወደ ጃናሞራ እንዲወጣ ማጥናት ጀመርን። ቅርንጫፉ እስከ የት ይሂድ የሚለው የሚወሰነው፣ በየመንደሩ ያለው ሰው ይህን ያህል ኃይል እፈልጋለሁ ባለው ልክ ነው። ትንሽ ከጠየቀ ምሰሶው አይደርሰውም።

በዚያ መንገድ ላይ ካሉት ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ታላቅ እህቴ ትኖራለች። እናታችን ስትሞት አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታስተምረው በወፍጮ ቤቷ ነው። ወፍጮው በናፍጣ ይሠራል፤ ናፍጣው ደግሞ አንዳንዴ ይገኛል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝም ከደባርቅ በጀሪካን እየተጫነ ነው የሚወጣላት። መብራት ካልደረሰላት ወፍጮው መዘጋቱ እንደማይቀር እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ስልክ ስደውልላት ሰላምታውን እንኳ ሳትጨርስ «መብራቱስ?» ትለኛለች።

የኃይል ፍላጎት ቆጠራውን የያዝነው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ነበር። አንድ የሥራ ጓደኛዬና ቀበሌው በታዛቢነት የመደበልን አንድ ሰውዬ አብረውኝ ነበሩ። መስመሩን በቀላል ቋንቋ አስረዳሁና «እንግዲህ ወገኖቼ፣ መብራት ቢገባላችሁ ምን ምን ትሠሩበታላችሁ? ሳትሰስቱ ንገሩኝ» አልኩ።

መጀመሪያ የተነሣው ብረት በያጁ ነው። በጄኔሬተር እየበየደ የመንደሩን በርና መስኮት ሁሉ የሚሠራው እሱ መሆኑን አውቃለሁ። «እኛማ ምን አለን ብለሽ ነው፣ አንድ አምፖል ይበቃናል» ብሎ ተቀመጠ። አናጺውም አንድ አምፖል አለ። ባለሱቁም አንድ አምፖል አለ። ሞንታርቧቸው እስከ ታችኛው ሸለቆ ድረስ የሚሰማው የደብሩ አስተዳዳሪ፣ አባ ሳይቀሩ፣ «ለቤተ ክርስቲያኑም አንዲት አምፖል ትበቃለች፣ ልጄ» አሉኝ። ደሜ ፈላ። ቢያንስ እህቴ ታድነኛለች ብዬ ወደሷ ዞርኩ። ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ፣ «ወፍጮዋ እንደሆነ አርጅታለች፣ ልተዋት ነው። እኔም አንድ አምፖል ካገኘሁ ምን እፈልጋለሁ» አለች።

ሕዝቡ ሲበተን እጇን ይዤ ወደ ወፍጮ ቤቷ ጓሮ ወሰድኳት።

«እታለም፣ ምን ነካሽ? ወፍጮ ወፍጮ ብለሽ ጆሮዬን ስታደነቁሪው የከረምሽው አንቺ አይደለሽም?»

«ከጎንሽ ይዘሽው የቆምሽውን ሰውዬ አላየሽም?»

«ታዛቢ ነው፤ ቀበሌው ነው የመደበው።»

«ገማቹ ነው እኮ፣ አንቺ ልጅ። የቀን ገቢያችንን እየገመተ ግብር የሚያስጥልብን እሱ ነው። እሱ አጠገብሽ ቆሞ ወፍጮዬ ትሠራለች ልበልልሽ?»

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። በኛ አገር ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ የመጣ ሁሉ ገማች ነው። ገማች መጣ ሲባል ባለሱቁ መደርደሪያውን ያራግፋል፣ በያጁ ማሽኑን ጭድ ያለብሰዋል፣ ደህና በሬ ያለው አማቹ ዘንድ ይሰደዋል። ከአባት ከአያት የመጣ ልማድ ነው፤ ማንም ተቀምጦ አልመከረበትም። አሁን ግን ያው ልማድ ራሱን ሕዝቡን ጨለማ ውስጥ ሊያስቀረው ነው። በአምፖል ብቻ የሚሰላ ቅርንጫፍ ከደባርቅ ዳር አያልፍም።

እኔ ራሴ የማውቀውን እንዳልጽፍ እጅ እግሬ ታስሯል። ባልጠየቀችው ላይ ወፍጮዋን ባስገባላት ነገ «ለእህቷ መስመር ጎተተች» መባሉ ነው፤ ጥናቱም አብሮ ይወድቃል። ሳምንቱን ሙሉ ልቤ አልቀመጥ አለኝ። ዳባት ወርጄ የነባሩን መስመር ምሰሶዎች ሳይ ዋልኩ፣ ተመለስኩ፣ ምግብም በቅጡ አልበላሁም። በመጨረሻ አባ ዘንድ ሄድኩ።

«ሰውዬውን አስቀሪውና እንደገና ጠይቂን» አሉኝ።

«አይሆንም፣ አባ። የቀበሌ ታዛቢ ያልተገኘበት ቆጠራ አይጸድቅም። ተለዋጭ ስጡኝ ብዬ ለምኜ ነበር፣ ሌላ ሰው የለንም አሉኝ።»

«እንግዲያማ አንድ ጨክኖ የሚጀምር ሰው ነው የሚያስፈልገው። እኔ ስለ ሞንታርቦው እናገራለሁ፤ ግን ቤተ ክርስቲያን ግብር አትከፍልም፣ እኔን አይቶ ማንም አይደፍርም» አሉ። የጨከነ ማን ሊሆን እንደሚችል ሁለታችንም አውቀናል። ስሟን ግን አልጠራነውም።

ለእህቴ ነገርኳት። ብዙ ነዘነዝኳት። «ቅርንጫፉ የሚቀረው ባንቺ ነው» እስከ ማለት ደርሼ ነበር። «በቃ፣ ሰማሁሽ» ብላ ገብሷን ማበጠሯን ቀጠለች።

በቀጣዩ እሑድ ሰውዬው ባለበት ቆጠራውን ደገምነው። አባ ስለ ሞንታርቦው ተናግረው ሲቀመጡ ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን ያያል። እህቴ ተነሣች። እኔን አላየችም፤ ያየችው ሰውዬውን ነው። «ወፍጮ አለኝ» አለች፤ «ትሠራለች፣ አልተበላሸችም። መብራት ከገባ ሁለተኛ እተክላለሁ። ይኸውልህ፣ ከፈለግህ አንተም ጻፈው።» አንድ ሰው ከኋላ ሳቀ። ከዚያ በያጁ ራሱን እያከከ ተነሣና ጭድ ያለበሰውን ማሽን አስመዘገበ፤ አናጺው ተከተለ፣ ባለሱቁ ማቀዝቀዣ ልግዛ ነው አለ፣ አምጡ ያላልኩት ሁሉ መጣ። እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። እንዲያው እህቴ ናት ብዬ ለዓለም ብናገር ደስ ባለኝ ነበር።

ጥናቱ አለፈ። ቅርንጫፉ በእህቴ ደጃፍ አልፎ እስከ ጃናሞራ ዋና ከተማ፣ መካነ ብርሃን ድረስ እንዲሄድ ተወሰነ። ስነግራት በስልክ እልል አለችብኝ።

የተወሰነው ግን ወረቀት ላይ ነው። ሽቦው ጨረታ ላይ ነው ተባለ፤ ቀጥሎ ጨረታው ተራዘመ፤ ቀጥሎ ትራንስፎርመሩ ወደብ ላይ ነው ተባለ። ከቢሮ ቢሮ እሮጣለሁ፣ ያልጮህኩበት ሰው የለም። የግብሩ ግምት ግን ጊዜውን ጠብቆ መጣ። ባፏ የተናገረችው ነውና እህቴን ከፍ ካለው የግብር ደረጃ ላይ አወጧት። በደወልኩላት ቁጥር «ደህና ነን፣ ተመስገን» ነበር የምትለኝ። መብራቱስ ማለቷን እንደተወች ልብ አላልኩም።

ባለፈው የገበያ ቀን ደባርቅ ውስጥ ለአንድ ስብሰባ እየተጣደፍኩ በመብራት በሚሠራ አንድ ወፍጮ ቤት ፊት ሳልፍ ሴቶች እህላቸውን ይዘው ተሰልፈዋል። ከመሃላቸው አንዷ እህቴ ናት። ከጎኗ አንድ ጆንያ ገብስ።

«እታለም፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ላስፈጭ ነዋ።»

«ያንቺስ ወፍጮ?»

«ናፍጣውና ግብሩ ተደርበው አላስችል አሉኝ፤ ዘጋኋት። ለአንቺ አላልኩም፣ መተኛት ትተዪያለሽ ብዬ።» ድምፄን ሳነሣ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «ሰው ያየናል፣ ተይ። ይልቅ ምሰሶው መቼ ነው የሚቆመው?»

«በቅርቡ» አልኳት። አፍሬ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ከውስጥ ባለወፍጮው «ተረኛ ማነው?» ብሎ ተጣራ።

«እኔ ነኝ» አለች እህቴ፣ ጆንያዋንም አንሥታ ገባች።