ራዲያተሩን ያነቀው ወንፊት

ባለፈው ኅዳር ከአጋሮ ወደ ጅማ የተጓዝኩት በአባቴና በአንድ ሐጂ መካከል ተጣብቄ ነው። ሐጂ የአባቴ የቡና ንግድ ባልደረባ ናቸው፤ ጅማ ልጃቸውን ሊጠይቁ አብረውን ተሳፈሩ። የአባቴ ፒክአፕ ማርሽ ከጉልበቶቼ አጠገብ ስለነበር አባቴ በቀየረ ቁጥር እግሬን እሰበስባለሁ።

የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ የሚያበቃው በዚያው ቀን ነበር። ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ያልደረሰ ተማሪ ዓመቱን ቤቱ ይቀመጣል ተብሏል። ቀደም ብዬ ያልሄድኩት አባቴ "በራሴ መኪና ነው የማደርስሽ" ብሎ ፒክአፑን እስኪያስተካክል ስላስጠበቀኝ ነው።

ፒክአፑ መንግሥት ሲለወጥ በሐራጅ የተሸጠ፣ ቶሎ የሚሞቅ መኪና ነው። የሚያድረው ጀንፈል ቡና ከሚፈለፈልበት ወፍጮ አጠገብ ስለሆነ የቡናው ገለባ እየበነነ ራዲያተሩን ይደፍንበት ነበር። አባቴ መላ ዘየደ፤ እንደ ወንፊት የጠበቀ ሽቦ ገዝቶ ራዲያተሩ ፊት ለፊት አሰረ። ከዚያ ወዲህ መኪናው የባሰ ይሞቅ ጀመር። የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረውን ቴርሞስታት አውጥቶ ጣለ። ሙቀቱ እንዲወጣ ብሎ የኮፈኑን የኋላ ጫፍ በእንጨት ሽብልቅ ከፍ አደረገው። ከወዳደቀ መኪና ሁለተኛ ማራገቢያ ፈትቶ ጨመረበት። በመጨረሻም የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ ጥግ ከፈተው፤ ከሞተሩ ላይ ሙቀት ይካፈላል በሚል። የተካፈልነው ግን እኛ ነበርን።

በሐጂ በኩል ያለው መስታወት እንዳይወድቅ በእንጨት ተወጥሯል። በአባቴ በኩል ያለው ደግሞ በጠጠር መንገዱ አቧራ ምክንያት ተዘግቷል።

"ይሄ መኪና ነው ዳቦ ቤት?" አሉ ሐጂ፣ ላባቸውን በሻሻቸው እየጠረጉ።

"ሞተሩ እንዲተነፍስ ነው፣ ሐጂ።"

"እኛስ?"

"ትንሽ ይታገሡ። የሙቀት መርፌው ከመሃል አላለፈም።"

"ወላሂ፣ መካም እንዲህ አልሞቀኝም።"

እናቴ ያለበሰችኝ ሹራብ ሰውነቴ ላይ ተለጥፏል። እጄን የማነሳበት ቦታ ስላልነበር ማውለቅም አልቻልኩም። ትንሽ እንደሄድን የጅማ አውቶቡስ ከኋላችን መጥቶ አጠገባችን ቀስ አለ። ረዳቱ በበሩ ብቅ ብሎ "ጋሼ፣ ልጅቷን እናድርስልዎት?" አለ። አባቴ ሳያየው በእጁ እለፍ አለው። ልውረድ ብል ኖሮ የአባቴ መኪና ልጁን ማድረስ እንዳቃተው አጋሮ ሁሉ እስከ ማታ ይሰማ ነበር። እግሬን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ አቧራውን ትቶልን ሄደ።

አንዱ ዳገት ላይ መርፌው ቀዩን ነካ። አባቴ መኪናውን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋ፤ ሁለተኛው ማራገቢያ ብቻውን ያጉረመርማል። የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ደርሶ ስለነበር ሐጂ ጋቢያቸውን ሣሩ ላይ አንጥፈው መስገድ ጀመሩ። አባቴ ውሃ ፍለጋ ጀሪካኑን ይዞ ከመንገዱ በታች ወዳለው ወንዝ ወረደ። እኔ ፀሐይዋን እያየሁ መኪናው ፊት ቆምኩ። ወንፊቱ ገለባ ጠግቦ ሰሌን መስሏል። የነጠላዬን ጫፍ ወደ እሱ ባስጠጋው ፈጽሞ አልነቃነቅ አለ። ሽቦው ወደ ላላበት ጥግ ሳመጣው ግን ማራገቢያው ሳብ አድርጎ ወሰደው።

አባቴ ሲመለስ "አባባ፣ ወንፊቱን እንፍታው?" አልኩት።

"ገለባ እንዳይገባ እኮ ነው ያሰርኩት።"

"ገለባው እዚሁ ላይ ነው ያለው። አየር አያሳልፍም።"

"ሲፈታ ራዲያተሩ ይደፈናላ።"

"ዛሬ ይደፈን።"

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። አባቴን እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። ሐጂ ሶላታቸውን ጨርሰው ጋቢያቸውን እያጠፉ ነበር።

"ይደፈን ብላለች" አሉ ረጋ ብለው። "እኔም ከልጅቷ ጋር ነኝ። አንተ ብቻህን ቀረህ።"

አባቴ ወንፊቱን ብዙ አየው። ከወንበሩ ሥር ፒንሳ አምጥቶ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ቆረጠና ያመጣውን ውሃ ሞላ። ወንፊቱን ይጥለዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ተመልሰን ስንሳፈር አጣጥፎ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ከመጀመሪያው ይበልጥ ተጣበብኩ። ዳገቱን ስንጨርስ መርፌው ወደ መሃል ወረደ። አባቴ እጁን ዘርግቶ ማሞቂያውን ዘጋ። ሐጂ "አልሐምዱሊላህ" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ከዩኒቨርሲቲው በር እስከ ምዝገባው ክፍል በሩጫ ደረስኩ። መዝጋቢዋ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ነበር፤ አይታኝ መልሳ ተቀመጠች።

"ፊትሽ በርበሬ መስሏል። አሞሻል እንዴ?"

"አላመመኝም። ከአባቴ ጋር ነው የመጣሁት።"

ሌላ ሳትጠይቅ እስክሪብቶ አቀበለችኝ።