ልብስ ለማሰፋት ያልመጡት ደንበኛዬ

ይህ የገጠመኝ በፈረንጆቹ 2011 ኅዳር ላይ፣ ባለቤቴ ካረፈ ገና ብዙም ሳይቆይ ነው። ያን ሰሞን ከሆነው አብዛኛው ጠፍቶብኛል፤ ያቺ ከሰዓት በኋላ ግን አልጠፋችብኝም።

የምንኖረው ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ ሰፈር ነው። ባለቤቴ ጡረታ ሲቃረብ፣ "ካሪቢያን ሄደን አንዱ ደሴት ላይ ልብስ መስፊያ እንክፈት፤ እዚያ ብርድ የለም" ይለኝ ነበር።

"እዚያማ ማን ልብስ ይለብሳል?" እለዋለሁ።

በመጨረሻ እዚሁ ትራሙ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራየን። ስፌቱ የእኔ ነው፤ የንግድ ፈቃዱን ጣጣ እሱ ጨረሰልኝ። የስፌት መኪናውን አስገብተን፣ በሩ ላይ የሚሰቀለውን ጽሑፍ ሳያሠራ ልቡ ቆመ።

ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። ለቅሶ የሚደርሱት ትልልቅ ሰዎች ደረጃውን ስላልቻሉት ሱቁ ውስጥ ተቀበልኳቸው። ከቀብሩ በኋላም ብቻዬን ሊተዉኝ አልፈለጉም። በየቀኑ ጥቁራቸውን ለብሰው ይመጣሉ፤ ግድግዳውን ተደግፈው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ጎረቤቴ እትዬ ብርሃኔ የባለቤቴን ፎቶግራፍ መስኮቱ ላይ አቁመው፣ ነጭ አበባና ሻማ አደረጉለት። ሂዱልኝ አይባል ነገር። ደንበኛ ግን አንድም ሰው ዝር አላለም።

ያን ቀን ጠዋት የሱቁን ቁልፍ ከቤቴ ቁልፍ ለየሁት። አሥር ሰዓት ላይ ከአከራዩ ጋር ቀጠሮ ነበረኝ። ሱቁን ላስረክበው ቆርጬ ነበር።

ከምሳ በኋላ አንዲት ሸምገል ያሉ ጀርመናዊት፣ የወንድ ሙሉ ልብስ በክንዳቸው ይዘው ገቡ።

"ባለቤቴ ትናንት አረፈ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የሚቀበርበት ልብስ ይኸው። ሌላውን እናንተ ታደርጉልኛላችሁ?"

እትዬ ብርሃኔ ጀርመንኛ ስለማይሰሙ፣ "ምን አሉ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ባለቤታቸው ሞተባቸው።"

"ውይ! ታዲያ ምን ቆመሽ ታያቸዋለሽ? አስቀምጫቸው እንጂ!"

ራሳቸው የሴትየዋን እጅ ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧቸው። ሴትየዋ ለቅሷቸው መጣ። እትዬ ብርሃኔም አብረዋቸው አለቀሱ። ከለቅሶ ደራሾቹ አንዱ፣ በተማሪነት መጥተው እዚሁ ያረጁት ጋሽ ታደሰ፣ የሟቹን ስም ጠየቁ፤ ሥራቸውን፣ ሕመማቸውን ጠየቁ። ሴትየዋ ሁሉንም አወሩ። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው ግድግዳውን ይዘን የተደረደርነውን አዩና፣

"እንዴት ብዙ ሠራተኛ አላችሁ!" አሉ።

ጋሽ ታደሰ መስኮቱን አዩ፣ እኛን አዩ፣ የራሳቸውን ጥቁር ኮት አዩ።

"እመቤት፣ እኛ ቀብር አስፈጻሚዎች አይደለንም። ይህ ልብስ መስፊያ ነው። ፎቶው ላይ ያለው የእሷ ባል ነው።" ወደ እኔ ዞረው ደግሞ በአማርኛ፣ "ለካ ገበያሽን የዘጋነው እኛ ነን!" አሉኝ።

ሴትየዋ ፊታቸው በርበሬ መሰለ። ይቅርታ እያሉ ብድግ ሲሉ ልብሱን ከክንዳቸው ተቀበልኩ።

"ባለቤትዎ ከስተው ነበር?"

"በጣም። ይሰፋዋል።"

ሁለት እጃቸውን ክብ አድርገው የባለቤታቸውን የወገብ ልክ አሳዩኝ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ያልነካሁትን መኪና ከፈትኩ። ጨርሼ ሳነሳው ሴትየዋ ኮቱን ዳበስ አደረጉና፣ "አሁን እሱን ይመስላል" አሉ። ጋሽ ታደሰ እውነተኛው ቀብር አስፈጻሚ ዘንድ ሊያደርሷቸው አብረዋቸው ወጡ።

ሰዓቱን ሳይ አሥር አልፏል። ለአከራዩ ደውዬ አልመጣም አልኩት።

እትዬ ብርሃኔ ፎቶግራፉን ከመስኮቱ አንስተው ከመኪናው በላይ ሰቀሉት። "ከዚህ ሆኖ ይይሽ" አሉኝ። ጋሽ ታደሰ በማግስቱ ካርቶን ላይ "ልብስ እናጠብባለን፣ እናሳጥራለን" ብለው በጀርመንኛ ጽፈው መስኮቱ ላይ ለጠፉ። ሴትየዋም ከቀብሩ በኋላ የራሳቸውን ቀሚስና አንዲት ጎረቤታቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ሰው አልጠፋም።

ሐዘኑ አልለቀቀኝም። ያን ቀን ሳስታውስ ግን እፎይ እላለሁ። ያኑ ዕለት ማታ በሩን ዘግቼ፣ የሱቁን ቁልፍ ከቤቴ ቁልፍ ጋር መልሼ አሰርኩት። እስከ ዛሬ አልለየኋቸውም።